ገንቦ ነፊዎች

ሰውየው ገንቦውን ከእግሩ ሥር ሲያነሣ ሊጠጣ መስሎኝ ነበር። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ እጀታው አንድ፣ ላዩ ቡናማ ቅብ የተቀባ የሸክላ ገንቦ ነው፤ የአሜሪካ ገበሬ ድሮ ውስኪውን ያኖርበት የነበረው ዓይነት። ወደ አፉ አስጠጋው፤ ግን አላጋደለውም። ከንፈሮቹን ገጥሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ከገንቦው አፍ ጥቂት ራቅ እንዳለ «ቡም... ቡም... ቡብቡም» ሲል ቤቱ ከመሠረቱ የተነሣ መሰለኝ።

ቦታው ከቦስተን አጠገብ ያለችው የካምብሪጅ ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረዶ በሚጥልበት የጥር ወር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ «ና ሙዚቃ ላሳይህ» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ጋሼ ለትምህርት በ1960ዎቹ ወደዚያች ከተማ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። የወሰዱኝ ምድር ቤት ውስጥ ወዳለች ትንሽ የሕዝብ ዘፈን ክበብ ነበር። ወንበሮቹ ተጠጋግተዋል፤ ጠረጴዛዎቹ ከሻይ ትሪ እምብዛም አይበልጡም፤ መድረኩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል። ተመልካቹ አብዛኛው ሽበታም ነው። እኔና ጋሼ ካልሆንን በስተቀር ጥቁር ሰው አላየሁም።

መድረክ ላይ አምስት ናቸው። አንዱ ባንጆ፣ አንዱ ጊታር ይዘዋል። ሦስተኛዋ ሴት ደረቷ ላይ ሸንተረር ያለው የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ አንጠልጥላ፣ ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቁትን የብረት ቆብ በየጣቷ አጥልቃ ትፈትገዋለች። አራተኛው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በአፍጢሙ ደፍቶ፣ ከመሐሉ ገመድ አውጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሮታል፤ እንጨቱን ወደ ኋላ ሲስበው ገመዱ ይወጠራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲመልሰው ይወፍራል። አምስተኛው ያው ባለገንቦው ነው። በየመሐሉ ካዙ የምትባል ትንሽ የቆርቆሮ መንፊያ እየተቀባበሉ ያንጫርራሉ። እኛ በልጅነታችን ማበጠሪያ በስስ ወረቀት ሸፍነን በከንፈራችን የምናዜመውን የሚያስታውስ አንባቢ ካዙን ያውቃታል ማለት ነው።

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ብዬ ጋሼን ሳያቸው ግን አልሳቁም፤ እግራቸው ብቻ ወለሉን ይመታል። ስንወጣ፣ በረዶውን እየረገጥን፣ እንዲህ አሉኝ።

«ተማሪ ሳለሁ እዚህ ከተማ ውስጥ ይህንኑ ዓይነት ባንድ በየሳምንቱ አይ ነበር። አንድ ጊዜ የክፍሌን ጓደኛ ጋበዝሁት። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ የደቡብ ልጅ። ምን አለኝ መሰለህ? ‹እናቴ በዚያ ሰሌዳ ላይ የነጮችን ልብስ ስታጥብ ነው እጇ የተላጠው፤ ተከፍሎበት ሲሳቅ ለማየት ገንዘብ አላወጣም› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? እኔ ብቻዬን ሄድሁ።»

እነሆ ያ ንግግር አላስተኛ ብሎኝ የገንቦ ባንዶችን ታሪክ ስፈልግ ከረምሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ገንቦው። ጠርሙስ አፍ ላይ አየር አሾልኮ ያፏጨ ሁሉ ገንቦ የሚነፋውም እንደዚያው ነው ብሎ ያስባል። አይደለም። እንደ ጠርሙስ ቢነፋ አንድ ድምፅ ብቻ በወጣ፤ ያም ድምፅ የገንቦው ሆድና አንገት የወሰነው፣ ሰው ሊለውጠው የማይችል ነው። ገንቦ ነፊ ግን ድምፁን የሚሠራው በገዛ ከንፈሩ ነው፤ መለከት ነፊ ከንፈሩን እንደሚያርገበግበው ያርገበግባል። ከንፈሩን ሲያጠብቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲያላላ ይወርዳል። ገንቦው ያንን የከንፈር ድምፅ ተቀብሎ የሚያጎላ ባዶ አዳራሽ ነው። ለዚህም ነው አፉን ከገንቦው ጋር የማያጣብቀው። የሠለጠነ ነፊ በአንድ ጋሎን፣ ማለትም በአራት ሊትር ገደማ ገንቦ፣ ሁለት እርከን ያህል የዜማ ስፋት ይደርሳል። ትንፋሽ ጨራሽ ሥራ ነው፤ ልማድ የሌለው ሰው በአንድ ዘፈን ራሱ ይዞርበታል።

ሥራው የተወለደው በኬንታኪ ክፍለ ሀገር በሉዊቪል ከተማ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ሉዊቪል በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች፣ የውስኪና የፈረስ እሽቅድምድም ከተማ ናት። ውስኪ ባለበት ባዶ ገንቦ አይጠፋም። ቱባ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ጥቁር ሙዚቀኞች ባዶውን ገንቦ አንሥተው የወፍራሙን ድምፅ ቦታ ሰጡት፤ በየመንገዱ፣ በወንዝ መርከቦች ላይ፣ በፈረስ እሽቅድምድሙ ሰሞን በየሆቴሉ ደጅ እየተጫወቱ ሳንቲም ይሰበስቡ ጀመር። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ነፊ ኧርል ማክዶናልድ ይባላል።

በመስከረም 1924 ይህ ማክዶናልድ ክሊፎርድ ሄይስ ከሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ኒውዮርክ ሄዶ፣ የሉዊቪሏን ዘፋኝ ሣራ ማርቲንን አጅቦ ተቀረጸ። ገንቦ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። (በአማርኛችን የዘፈኑንም ማኖሪያ፣ የገንቦውንም ገላ «ሸክላ» ማለታችን ለዚህ ታሪክ የተፈጠረ ይመስላል።) በዚያው ዓመት ነበር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከነናስ መለከታቸው አዲስ አበባ የገቡት። እኛ የናስ ሙዚቃ ስንቀበል፣ ናስ መግዣ ያጡት የሉዊቪል ሰዎች ገንቧቸውን ይዘው ስቱዲዮ መግባታቸው ነው።

በታኅሣሥ 1926 እነዚሁ ሰዎች «ዲክሲላንድ ጃግ ብሎወርስ»፣ ማለትም «የደቡብ ገንቦ ነፊዎች»፣ ተብለው ቺካጎ ውስጥ ቪክተር ለሚባለው ኩባንያ ቀረጹ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ይጫወት የነበረው ታላቁ ክላርኔት ነፊ ጆኒ ዶድስ አብሯቸው አለ። ጃዝ ከገንቦ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ያን ጊዜ አላፈረም። በ1929 ደግሞ አንድ የሉዊቪል የዱቄት ፋብሪካ ማክዶናልድን ቀጥሮ በሬዲዮ ዱቄቱን ያስተዋውቅበት ጀመር።

ታሪኩ የሚሞቀው ግን ሜምፊስ ሲደርስ ነው። በቴኔሲ ክፍለ ሀገር፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ቢል ስትሪት የሚባል መንገድ አለ፤ በዚያን ዘመን ጥቁሮች የሚገበያዩበት፣ የሚጠጡበት፣ የሚጨፍሩበትና አንዳንዴም የሚጋደሉበት ነበር። ዊል ሼድ የሚባል የዚያ ሰፈር ልጅ የሉዊቪሎቹን ሸክላ ሰምቶ «ይህንን እኛም እናደርገዋለን» አለ። ጓደኞቹን አግባብቶ «ሜምፊስ ጃግ ባንድ»ን አቋቋመ። የቪክተር ሰው ራልፍ ፒር የቀረጻ ዕቃውን ጭኖ ሜምፊስ ሲደርስ፣ የካቲት 24 ቀን 1927 መሣሪያው ፊት የቆሙት እነርሱ ነበሩ። እስከ 1934 ድረስ ከ80 የማያንሱ ዘፈኖች አስቀረጹ። ባንድ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሼድ እንደ ደቦ አውራ በየጊዜው ያገኘውን ሰብስቦ የሚያሰልፍበት ማኅበር ነበር። ኋላ የብሉዝ ንግሥት የሆነችው ሜምፊስ ሚኒ እንኳ በ1930 ከእነርሱ ጋር ዘፍናለች። በመናፈሻ፣ በሽርሽር፣ በነጭ ሀብታሞች ድግስ፣ ከተማዪቱን ለብዙ ዘመን በመዳፉ ይዞ በነበረው በኤድ ክራምፕ ግብዣ ጭምር ይጫወቱ ነበር። አዝማሪ የማያውቀው ቤት የለም እንደምንለው ነው።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ሰው፣ ገስ ካነን ነው። የተወለደው በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር፣ ከባርነት ከወጡ ወላጆች ነው። የመጀመሪያ ባንጆውን የሠራው ከመጥበሻና ከራኩን ቆዳ ነበር። መጥበሻው ሆድ ሆነው፣ ቆዳው ተወጠረ። ይህን ስሰማ ከዘይት ቆርቆሮና ከሳህን ክራር የሚሠሩት የአገራችን እረኞች ትዝ አሉኝ። ባንጆም ብትሆን ዘሯ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት መርከብ የተሻገሩ ሰዎች እዚያ ማዶ በቅልና በቆዳ እንደገና የፈጠሯት ናት። የሳፋውንም ክራር አያቱ መሬት ተቆፍሮ በቆዳ ተሸፍኖ የሚመታው የአፍሪካ የመሬት ደጋን ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ካነን ብዙ ዓመት የኖረው በመድኃኒት ትርኢት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። «ሐኪም ነኝ» ባዩ ነጋዴ ለቁርጥማትም ለሆድም ለፀጉርም የሚሆን አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። ሕዝቡን ለመሰብሰብ ሙዚቀኛና ቀልደኛ ይቀጥራል። መርካቶ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የትኋን መድኃኒት ሲቸበቸብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ካነን ለብዙ ዓመታት በዚያ መድረክ ላይ ባንጆውን ሲመታ፣ ሲቀልድ፣ አንዳንዴም ነጮች ጥቁርን ለማላገጥ በፈለሰፉት አቀራረብ ሲያስቅ ኖረ። የጋሼ ጓደኛ የሸሸው ሳቅ ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ ገባኝ። ያ ሳቅ ባንዱ ውስጥ በኋላ የገባ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ነበር።

የሜምፊስ ጃግ ባንድ ሸክላ መሸጡን ያየው ካነን በጥር 1928 የራሱን ባንድ ይዞ ቪክተር ፊት ቀረበ። ባንጆውን በእጁ እየመታ፣ ገንቦውን በአንገቱ ላይ በሽቦ ማንገቻ አስሮ በአፉ ይነፋ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚከፈልበትን ሥራ አንድ ሰው ሠራው ማለት ነው። አርሞኒካ የሚነፋለት ኖዋ ሉዊስ የሚባል የጎረቤት ገጠር ሰው ነበር። ሉዊስ ሁለት አርሞኒካ በአንድ ጊዜ፣ አንዱን በአፉ ሌላውን በአፍንጫው ይጫወት ነበር ይባላል። ይህ ሲነገር ሰው ይስቃል። ሸክላውን ሲያዳምጥ ግን ሳቁ ይጠፋል፤ የዚያን ሰው ትንፋሽ የመሰለ ኀዘን እኔ የሰማሁት ዋሽንት ላይ ብቻ ነው። የካነን ባንድ ከ1928 እስከ 1930 ብቻ ነው የቀረጸው። በ1929 ካስቀረጻቸው አንዱ «ዎክ ራይት ኢን» ይባላል፤ ትርጉሙ «ዘው በል ግባ» እንደማለት ነው።

ከዚያ የኢኮኖሚው ድቀት መጣ። በ1927 በአሜሪካ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ይሸጥ የነበረው በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ወረደ ይባላል። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ የቆረጡት የድሆቹን ሙዚቃ ነው። ገንቦ ነፊዎቹ ወደ ጎዳናቸው ተመለሱ። ካነን የሰው ግቢ እያጸዳ፣ ቦይ እየቆፈረ ኖረ። ኖዋ ሉዊስ በ1961 ውርጭ የመታው እግሩ በስብሶ ሞተ። አርሞኒካ ይዞ ስንት ሰው ያስደነቀ ሰው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሳም ቻርተርስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ እነዚህን ሰዎች ፍለጋ ሜምፊስ ገባ። ካነንንም ሼድንም በሕይወት አገኛቸው። ድምፃቸውን ቀረጸ፤ በ1959 ደግሞ ስለ ገጠር ብሉዝ መጽሐፍ ጻፈ። ከመጽሐፉ ጋር በወጣው ሸክላ ላይ «ዎክ ራይት ኢን» ነበረች። ኤሪክ ዳርሊንግ የሚባል የኒውዮርክ ዘፋኝ ዘፈኗን አንሥቶ «ሩፍቶፕ ሲንገርስ» ከተባሉት ጓደኞቹ ጋር ባለ 12 ክር ጊታር አስጮኸባት። በጥር 1963 በመላው አሜሪካ አንደኛ ወጣች። ከተቀረጸች 34 ዓመት ሆኗት ነበር።

አሁን ካነንን እንፈልገው። ሽማግሌው ሜምፊስ ውስጥ ነው፤ 80 ዓመት ሊሞላው ነው። ዘፈኑ በየሬዲዮው ሲጮህ ባንጆው ቤቱ የለችም። ለክረምቱ የድንጋይ ከሰል መግዣ አጥቶ አስይዟት ነበር።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። የሚያስቆጣው ማንም ሰው በጨለማ ገብቶ አለመስረቁ ነው። ዳርሊንግ ዘፈኗን ወዷት ነው የዘፈናት፤ ቻርተርስም ሽማግሌውን አክብሮ ነው የፈለገው። ሁሉም ቅን ነበሩ፤ ባንጆዋ ግን አራጣ አበዳሪ ቤት ነበረች። ዛሬ ዘፈኗ ስትጠቀስ የካነን ስም ከነዳርሊንግ ስም ጋር ተያይዞ በደራሲነት ይጻፋል። በዚያው በ1963 ስታክስ የተባለው የሜምፊስ ኩባንያ ሽማግሌውን ጠርቶ አንድ ሙሉ ሸክላ አስቀረጸው፤ የተባዛው ግን ጥቂት ነበር። ዊል ሼድ በ1966 በድህነት ሞተ። ካነን እስከ 1979 ኖረ።

የእንግሊዙን ነገር ቶሎ ልለፈው። በ1956 ሎኒ ዶኔጋን በዘፈነው የአሜሪካ የባቡር ዘፈን የተነሣ የእንግሊዝ ጎረምሳ ሁሉ ከሻይ ሣጥንና ከመጥረጊያ እንጨት ባስ መሥራት ያዘ። ከእነዚያ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ከሚፈትጉ ቡድኖች አንዱ የጆን ሌነን ነበር፤ ኋላ ቢትልስ የሆነው።

ጋሼ በተማሪነታቸው የሚያዘወትሩት ክበብ «ክለብ 47» ይባል ነበር። በ1958 በካምብሪጅ፣ በማውንት ኦበርን መንገድ ቁጥር 47፣ ሁለት ወጣት ሴቶች የከፈቱት ቡና ቤት ነው። መጀመሪያ የጃዝ ቤት ሆኖ፣ ጆአን ባዬዝ በ17 ዓመቷ ገደማ ስትዘፍንበት ወደ ሕዝብ ዘፈን ዞረ። በ1963 ጂም ክዌስኪን የሚባል ጊታር ተጫዋች ጃግ ባንድ አቋቁሞ የቤቱ ደስታ ሆነ። ገንቦና ሳፋ ፍሪትዝ ሪችመንድ ያዘ፤ ጄፍ ሙልዳር ይዘፍናል፤ ቆይታ ማሪያ ሙልዳር ተጨመረች። ጋሼ ስለ ሪችመንድ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። «ሳፋዋን ሲመታ ኮንትራባስ ነው የምትለው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከሪችመንድ ሳፋዎች አንዷ ዛሬ ስሚትሶኒያን ቤተ መዘክር ትገኛለች። ባንዱ በ1968 ተበተነ፤ ክበቡም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በሌላው ጥግ፣ በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ፣ «ታንጀንት» በሚባል ትንሽ ክበብ በ1964 ጄሪ ጋርሲያ የሚባል የባንጆ አስተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ጃግ ባንድ አቋቁሞ ይጫወት ነበር። ቦብ ዊር የተባለው ጎረምሳ ገንቦና ሳፋ ላይ ነበር። በዓመቱ ዕቃቸውን በኤሌክትሪክ ለወጡ፤ ቀጥሎም «ግሬትፉል ዴድ» ተባሉ። ኖዋ ሉዊስ የዘፈናቸውን ዘፈኖች በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። ሉዊስ ግን እንደነገርኋችሁ ነው።

ለምን ነጭ ተማሪዎች ወደዱት? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን የሕዝብ ዘፈን ክበብ ውስጥ ሁሉም ፊቱን አኮሳትሮ ስለ ጦርነትና ስለ ሞት ይዘፍን ነበር። ገንቦው ሲመጣ መሳቅ ተፈቀደ። ደግሞም መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ማንም ከእናቱ ጓዳ አንሥቶ ባንድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለአንዱ ከእናት ጓዳ የተገኘ ጨዋታ፣ ለሌላው እናቱ የለፋችበት ዕቃ ነው። ሁለቱም አንድ ሰሌዳ ነው የሚያዩት። የጋሼ ጓደኛ ሰሌዳውን በትክክል አይቶታል፤ ኖዋ ሉዊስን ግን ሳይሰማ የቀረ ይመስለኛል፤ ያን ቢሰማ ኖሮ ለሳቅ ብቻ የተፈጠረ ነገር አለመሆኑ ይገባው ነበር።

ይህን በስልክ ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉ። «እሱ ሞቷል፤ አሁን ማን ይከራከርህ?» አሉኝ።

ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር አሰማው ነበር። በ2005 በኖርዝ ካሮላይና «ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ» የሚባል ባንድ ተቋቋመ፤ ሦስቱም ወጣት ጥቁሮች ናቸው፣ ሪያነን ጊድንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን። ጆ ቶምፕሰን ከሚባል ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች ቤት በየሳምንቱ እየሄዱ የአያቶቻቸውን ዜማ ተማሩ። ፍሌመንስ ገንቦ ይነፋል። ሰው ሲስቅለት አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ስለ ካነን ይነግረዋል። በ2010 ያወጡት አልበም በማግሥቱ ዓመት የግራሚ ሽልማት አገኘ። በዚያው በ2005 ሉዊቪል ውስጥም ዓመታዊ የገንቦ ባንዶች ፌስቲቫል ተጀመረ።

ወደዚያች የጥር ምሽት ልመለስ። ጋሼ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ቡና አፍልተው ይጠብቁን ነበር። ሦስተኛው ተጠጥቶ ጀበናው ከተጣጠበ በኋላ ጋሼ አንሥተው አንገቱን ተመለከቱት። ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ጀበናውን አስጠግተው ነፉ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ከዚያች ጥቁር ሸክላ «ቡብ» የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች፤ ጋሼም እንደ ልጅ ደነገጡ።

«አንቺ! ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አሉ እትዬ ከጓዳ። «አፏን ከሸረፍሃት ደግሞ እኔን ትሰማኛለህ!»

ጀበናዋን ለእኔ አቀበሉኝ። እኔ እስካሁን አንድም ድምፅ አላወጣሁም።